«ወንበዴ» የተባለው ኬሚስት፦ የመድኃኒት ፓተንት እና የኤድስ ዓመታት ታሪክ



(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2000፣ ብራስልስ። የአውሮፓ ኮሚሽን ስለ ኤድስ፣ ስለ ወባና ስለ ቲቢ በጠራው ስብሰባ ላይ አንድ ሕንዳዊ የመድኃኒት አምራች ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲናገር ዕድል ተሰጠው። አዳራሹ ውስጥ የመንግሥታት ተወካዮች፣ የዓለም ድርጅቶች ሰዎችና የትልልቆቹ መድኃኒት ኩባንያዎች ወኪሎች ነበሩ። ሰውየው ሦስት ነገር አቀረበ። የኤድስ ሕሙማን አንድ ላይ የሚወስዷቸውን ሦስት መድኃኒቶች ለአንድ ሰው ለዓመት በ800 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ራሱ ማምረት ለሚፈልግ አገር አሠራሩን በነፃ አስተምራለሁ አለ። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳውን ኔቪራፒን ደግሞ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ አለ።

በዚያን ጊዜ የእነዚሁ መድኃኒቶች የዓመት ዋጋ በምዕራቡ ዓለም ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ዶላር ነበር። አፍሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በኤድስ ይሞት ነበር። ታዲያ አዳራሹ ምን አለ? ምንም። ሳምንታት አለፉ፣ ወራት አለፉ፣ ግብዣውን እሺ ብሎ የመጣ መንግሥት አልነበረም።

ሰውየው ዩሱፍ ሐሚድ ይባላል። የሲፕላ ኩባንያ መሪ ነበር። አንዳንድ የምዕራቡ ኩባንያ ኃላፊዎች እንዲህ ያሉትን የሕንድ አምራቾች ሲጠሯቸው «ወንበዴዎች» ይሉ ነበር፤ የሌላውን ልፋት ዘርፈው የሚሸጡ ማለታቸው ነው። ይህ ስድብ እውነት ነበር ወይ? ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። እኛም ዘንድ «ፓተንት ያለውን ነገር አስመስሎ መሥራት ስርቆት አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ብዙ ነው። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል።

የዩሱፍ አባት ኽዋጃ ዐብዱልሐሚድ በ1898 በሕንድ አሊጋር ተወለደ። ኬሚስትሪ ተማረ፤ በእንግሊዝ ላይ በተነሳው እምቢተኝነት ተሳተፈ፤ ከዚያም ለዶክትሬት ጀርመን ሄደ። በርሊን ላይ ሉባ ከምትባል የሊትዌንያ አይሁዳዊት ጋር ተዋወቀና ተጋቡ። አገሩ ተመልሶ በ1935 ቦምቤይ ላይ ኩባንያውን አቋቋመ። በ1939 ጋንዲ ራሱ መጥቶ ፋብሪካውን ጎብኝቷል። ዩሱፍ በ1936 ቪልኒየስ ከተማ፣ በእናቱ አገር ተወለደ። ካምብሪጅ ገብቶ በኖቤል ተሸላሚው አሌክሳንደር ቶድ ሥር ኬሚስትሪ አጠና፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ዶክትሬቱን ይዞ በ1960 ወደ አባቱ ፋብሪካ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን ታሪክ የምጽፈው «የኛ ሰው ነው» ብለን ደረታችንን እንድንነፋ አይደለም። ዩሱፍ ነጋዴ ነው፤ ከሥራውም አትርፏል። ታሪኩን እንድናነበው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው የኤድስ መድኃኒቶቹን ሲሠራ የአገሩን ሕግ አልጣሰም። ሕጉ ራሱ ሌላ ነበር።

ነጻነት ባገኘችው ሕንድ ውስጥ የሚሠራው የፓተንት ሕግ እንግሊዞች በ1911 ያወጡት ነበር። ሕዝቡ ደሃ፣ መድኃኒቱ ግን ውድ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ እንኳ ሲመረምር ሕንድ በዓለም ላይ መድኃኒት እጅግ ከሚወደድባቸው አገሮች አንዷ ሆና አገኛት። ሲፕላ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ማምረት ሲጀምር የእንግሊዙ ባለ ፓተንት ኩባንያ አይሲአይ አቤት አለ። ዩሱፍ ራሱ እንደሚተርከው ጉዳዩን ይዞ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ዘንድ ሄደ፤ ባለቤቱ ስላልወደደ ብቻ ሚሊዮኖች ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ሊከለከሉ ይገባል ወይ ብሎ ጠየቃት።

ሕንድ በ1970 አዲስ የፓተንት ሕግ አወጣች፤ በ1972 ሥራ ላይ ዋለ። የሕጉ ልብ አንድ ነገር ነው። ለመድኃኒትና ለምግብ፣ ለተሠራው ነገር ፓተንት አይሰጥም፤ ለአሠራሩ ብቻ ይሰጣል፤ እሱም ቢበዛ ለ7 ዓመት። በእንጀራ ብንመስለው፣ ሕጉ እንጀራውን የማንም የግል ንብረት አላደረገም፤ የሚጠብቀው የአንዱን ጋጋሪ የአጋገር ስልት ነው። ያንኑ እንጀራ በሌላ ስልት ጋግሮ ማውጣት የቻለ ገበያ ይወጣል። የሕንድ ኬሚስቶች ሥራም ይኸው ሆነ፤ አንድን የታወቀ መድኃኒት ይዘው በሌላ መንገድ፣ ባነሰ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ መፈለግ። ቀላል ሥራ አይደለም። ኬሚስትሪ ያጠና ያውቀዋል።

«ታዲያ የመድኃኒቱ ባለቤት ማን ነው?» ካልን ደግሞ የኤድስ መድኃኒት ታሪክ አስገራሚ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ኤዜድቲ በ1964 ነው የተሠራው፤ ማለትም ኤድስ የሚባል በሽታ ገና ሳይታወቅ። የሠራው ጀሮም ሆርዊትዝ የተባለ የዲትሮይት ተመራማሪ ነው፤ ገንዘቡ የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ፣ ዓላማውም ካንሰር ነበር። ካንሰሩን አላዳነም። ሆርዊትዝም ፓተንት እንኳ ሳያወጣበት ተወው። ከሃያ ዓመት በኋላ በሮዝ ዌልካም የተባለ ኩባንያ ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በኤችአይቪ ላይ እንደሚሠራ አረጋገጠ፤ ፓተንቱ ግን የኩባንያው ሆነ። በ1987 ሲፈቀድ የዓመት ዋጋው ወደ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሆርዊትዝ ከዚያ ሁሉ ምንም አላገኘም።

ኩባንያው ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም። በሰው ላይ መሞከር፣ መጠኑን ማወቅ፣ ፋብሪካ ማቆም ገንዘብም ልፋትም ይጠይቃል። ነገር ግን «እኔ ብቻዬን ያመጣሁት ነው» የሚለው ክርክር በብዙ መድኃኒቶች ላይ ሲመረመር ይሳሳል። ከሥሩ ብዙ ጊዜ የሕዝብ ገንዘብ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ያልተዘመረለት ሆርዊትዝ አለ።

ሕንድ ውስጥ ኤዜድቲን በሌላ መንገድ የመሥራት ጥናት ሃይደራባድ ባለው የመንግሥት የኬሚስትሪ ተቋም ተካሄደ፤ ሲፕላም በ1993 ለገበያ አወጣው፤ ለቀን ከ2 ዶላር በታች። ያም ቢሆን ለሕንድ ድሃ ውድ ነበር። በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ መውሰድ ሰውን ከሞት አፋፍ እንደሚመልስ ሲታወቅ ነገሩ ተቀየረ።

እዚህ ላይ የፓተንት ሕግ ያልታሰበ ችግር ፈጠረ። ስታቩዲን በብሪስቶል ማየርስ፣ ላሚቩዲን በግላክሶ፣ ኔቪራፒን በቦሪንገር እጅ ነበሩ። ሦስቱን በአንድ እንክብል አዋህዶ ማቅረብ ለሕሙማን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን የትኛውም ኩባንያ የሌሎቹን ፓተንት ሳይነካ ሊያደርገው አይችልም። ሲፕላ ባለበት አገር ግን ለመድኃኒት ፓተንት የለም። ሦስቱን ቀላቅሎ በ2001 ትራዮሚዩን አለው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ብዙ እንክብል በየሰዓቱ ይቆጥር የነበረ ሰው ሁለት ብቻ ሆነለት።

ፌብሩዋሪ 2001 ላይ ዩሱፍ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ዋጋውን ወደ 350 ዶላር አወረደው፤ በቀን ከ1 ዶላር በታች ማለት ነው። ለመንግሥታት 600 ዶላር። ኒውዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ አወጣው። በብራስልስ ዝም ያለው ዓለም አሁን ዝም ማለት አልቻለም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚናገረው ነገር ነበር። መድኃኒቱን ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብና የሚሸጥበት ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል መራራቃቸው በይፋ ታየ።

ያ ዓመት ብዙ ነገር የተደራረበበት ነው። የስታቩዲን ፓተንት ባለቤት የየል ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ለብሪስቶል ማየርስ አከራይቶት ነው። ተማሪዎቹ «በኛ ዩኒቨርሲቲ ስም ሰው እንዴት መድኃኒት ይከለከላል?» ብለው ተነሱ። መድኃኒቱ በኤችአይቪ ላይ እንደሚሠራ ካገኙት አንዱ ፕሮፌሰር ዊልያም ፕሩሶፍም ከተማሪዎቹ ጎን ቆመ። በማርች 2001 ኩባንያው በደቡብ አፍሪካ ፓተንቱን እንደማያስከብር አስታወቀ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነሽ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ እነዚያም ተማሪዎች ነበሩ፤ ሥልጣንም ገንዘብም አልነበራቸውም።

በዚያው ሰሞን ፕሪቶሪያ ላይ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ከሰው ቆመው ነበር። ክሱ በ1998 ሲከፈት ከተከሳሾቹ መካከል የማንዴላ ስም ነበረበት። ጥፋታቸው? በ1997 ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት የሚያስችል ሕግ ማውጣት። ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ፤ የዓለም ጋዜጦች ጻፉ፤ ኩባንያዎቹ በአፕሪል 19 ቀን 2001 ክሱን አነሱ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ዓመት ከሴፕቴምበር 11 በኋላ አሜሪካ ውስጥ በፖስታ አንትራክስ መላክ ተጀመረ። አምስት ሰዎች ሞቱ። ለአንትራክስ የሚታዘዘው ሲፕሮ ፓተንቱ ያኔ የጀርመኑ ባየር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ባየርን «ዋጋ ቀንስ፤ አለዚያ ፓተንትህን አልፈን ከሌላ እንገዛለን» የሚል ማስፈራሪያ ሰጠ። ባየርም ዋጋውን ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሱብሓነላህ! ለአፍሪካ ሚሊዮኖች ሲሆን «የማይነካ ንብረት» የነበረው ነገር፣ ለራሳቸው ሲሆን በቀናት ውስጥ የሚደራደሩበት ሆነ። በሰው ሕይወት መሳለቄ አይደለም፤ አሜሪካ ያደረገችው ትክክል ነበር። ያልተስተካከለው ለሌላው መከልከሉ ነው።

ከሳምንታት በኋላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2001፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች ዶሃ፣ ቀጠር ላይ ተሰብስበው ስለ መድኃኒት መግለጫ አጸደቁ። የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱ አገሮች የሕዝባቸውን ጤና እንዳይጠብቁ እንቅፋት መሆን የለበትም፤ አንድ መንግሥት ሲያስፈልግ ከባለ ፓተንቱ ፈቃድ ውጭ ሌላው እንዲያመርት ማዘዝ ይችላል የሚል ነው ጭብጡ። መብቱ ቀድሞም በስምምነቱ ውስጥ ነበረ። ዶሃ ላይ የሆነው፣ ደሃ አገር ቅጣት ሳይፈራ ሊጠቀምበት እንደሚችል በይፋ መጻፉ ነው።

ይህ ሁሉ ከኛ ጋር ምን አገናኘው? ኢትዮጵያ ውስጥ ጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ ተጀመረ፤ ከጃንዋሪ 2005 (ጥር 1997 በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ ግን በነፃ ይሰጥ ጀመር። ዛሬ ሃያዎቹ ውስጥ ያላችሁ አታስታውሱት ይሆናል፤ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ያኔ በየሰፈሩ ወጣት ይቀበር ነበር፤ ጀናዛ ተሸክሞ ተመልሶ ለሌላ ጀናዛ የሚጠራ ሰው ብዙ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በለጋሾች ገንዘብ ለታዳጊ አገሮች ከተገዙት ጸረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ከ80 በመቶ በላይ የሕንድ ፋብሪካዎች ምርት ነበሩ። በሽታው እንዲገታ ያደረገው አላህ ነው፤ ሰበቡ ግን በ1970 ኒው ዴልሂ ላይ የተጻፈ አንድ ሕግ ነበረበት።

ሁሉም ነገር ያማረ አልነበረም። በ2004 የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት የሲፕላ መድኃኒቶችን ከዝርዝሩ አውጥቶ ነበር፤ ከዋናው መድኃኒት ጋር እኩል እንደሚሠሩ ባረጋገጠው ላቦራቶሪ ሥራ ላይ ጉድለት ስለተገኘ። ስታቩዲንም የእግር ነርቭ የሚጎዳ፣ የሰውነት ቅርጽ የሚለውጥ ሆኖ ተገኝቶ በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር ተመከረ። ርካሽ ነውና ጥራቱን አንጠይቅ ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ፓተንት ባይኖር አዲስ መድኃኒት ማን ይሠራል? ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ፓተንት በመሠረቱ ውል ነው። የፈጠራው ባለቤት ያወቀውን ለሕዝብ በጽሑፍ ይገልጣል፤ መንግሥትም በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ፣ ዛሬ በአብዛኛው ዓለም ለ20 ዓመት፣ ብቸኛ ሻጭ ያደርገዋል። ጊዜው ሲያልቅ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። ከአስር ሙከራ ዘጠኙ የሚከስርበት ሥራ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው ተስፋ ይፈልጋል። ሲፕላ የቀዳቸው መድኃኒቶች መጀመሪያ የሚያገኛቸው ሰው ባይኖር ምን ይቀዳ ነበር?

ግን ውሉ የሚሠራው ገዢ ባለበት ብቻ ነው። ኤፍሎርኒቲን የሚባል መድኃኒት ነበር፤ ጼጼ ዝንብ የምታመጣውን የእንቅልፍ በሽታ የያዘውንና ወደ ሞት የተቃረበውን ሰው የሚያስነሳ። በሽተኞቹ የአፍሪካ ገጠር ድሆች ናቸውና በ1990ዎቹ ማምረቱ ቆመ። በ2000 ያው ንጥረ ነገር ተመልሶ መጣ፤ የሴቶችን የፊት ጸጉር የሚቀንስ ክሬም ሆኖ! ጩኸት ከተነሳ በኋላ ነው አምራቹ በ2001 ለአፍሪካ ሕሙማን እንዲቀርብ የተስማማው። ማንም ክፉ ሰው ተቀምጦ አላሴረም። ገበያው ራሱ የሚያየው ኪስ እንጂ በሽታ አይደለም። የድሃ በሽታ ላይ ፓተንት ብታበዛ አዲስ መድኃኒት አይመጣም፤ ሌላ የገንዘብ ምንጭ ያስፈልጋል። ሱልጣን ቀላውን በ1284 ካይሮ ላይ ያሠራው ቢማሪስታን በወቅፍ ገቢ በሽተኛን በነፃ ያክም ነበር። ሕክምና ከገበያ ውጭ በሌላ መንገድም ሊደገፍ እንደሚችል አባቶቻችን ያውቁት ነበር ለማለት ነው።

በሸሪዓ በኩልስ? ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ አይደለም፤ የተባለውን ላስተላልፍ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በዲሴምበር 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች የገንዘብ ዋጋ ያላቸው፣ በሸሪዓ የሚጠበቁ መብቶች ናቸው፤ መዳፈር አይፈቀድም ብሏል። ስለዚህ «ለከሃዲ ኩባንያ ፓተንት ምን ሐቅ አለው» እያሉ ማለፍ አይሆንም። በሌላ በኩል ፊቅሃችን ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ደብቆ ዋጋ ማስወደድን፣ ኢሕቲካርን፣ አጥብቆ ይከለክላል፤ ጉዳት ሲደርስ መሪው ጣልቃ እንዲገባም በር ይከፍታል። የዩሱፍ ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱም ቀደም ያለ ነው። አገሩ ያንን መብት ለማንም አልሰጠችም፤ ያልተሰጠ መብት እንዴት ይሰረቃል? ወላሁ አዕለም።

ያ በር ግን ተዘግቷል። ሕንድ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል በመሆኗ በ2005 ሕጓን ቀይራ ለመድኃኒት ፓተንት መስጠት ጀመረች። ጨርሳ እጅ አልሰጠችም፤ የቆየ መድኃኒትን ጥቂት ለውጦ ያለ ተጨማሪ ፈውስ «አዲስ ነው» ማለትን የሚከለክል አንቀጽ አስገባች፤ ኖቫርቲስም በካንሰር መድኃኒቱ ግሊቬክ ላይ በዚሁ አንቀጽ ምክንያት በአፕሪል 2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተረታ። ቢሆንም ነገ ለሚመጣ አዲስ በሽታ እንደ ትራዮሚዩን ያለ ነገር ከሕንድ በቀላሉ አይወጣም፤ ባለ ፓተንቱ ካልፈቀደ፣ ወይም መንግሥት ካላዘዘ።

ግብጽ ሌላ መንገድ አሳይታለች። ለቢልሃርዚያ ሕክምና ለዓመታት በተደጋገመ መርፌ ሄፓታይተስ ሲ በሕዝቧ ውስጥ ተሰራጭቶ ነበር። በ2013 የወጣው ሶፎስቡቪር አሜሪካ ውስጥ አንዱ እንክብል 1,000 ዶላር ሲሸጥ፣ ግብጽ ከጊልያድ ጋር ተደራድራ የወሩን በ300 ዶላር ወሰደች። ከዚያ የሚያግድ ፓተንት ስላልነበረ የአገሯ ፋብሪካዎች ራሳቸው በባሰ ርካሽ ዋጋ ማምረት ጀመሩ። በ2018 እና 2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመረች፤ በኦክቶበር 2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት ለሚደረግ ጉዞ ከፍተኛውን የወርቅ ደረጃ የሰጣት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። አል-ሐምዱሊላህ።

የኛ አገር የፓተንት ሕግ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር)። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በተገቢው እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። የድርጅቱ አባል የሆኑ በኢኮኖሚ እጅግ ኋላ ቀር አገሮች ለመድኃኒት ፓተንት የመስጠት ግዴታ እስከ ጃንዋሪ 2033 ድረስ ተነስቶላቸዋል፤ የባንግላዴሽ ፋብሪካዎች በዚሁ ዕድል ነው ያደጉት። አዲስ የሚገባ አገር ግን የሚገባው ተደራድሮ ነው። ካምቦዲያ በ2004 ስትገባ ለመሰሎቿ ለመድኃኒት ከተሰጠው ጊዜ ቀድማ፣ ከ2007 ጀምሮ ስምምነቱን ልትፈጽም ቃል ገብታ ነበር የፈረመችው።